ወደ ውጭ ያዘነበለው ኤሲ

እንጨቱ ሲሰነጠቅ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ መርፌ የተሰበረ መሰላት። እግሯን ከፔዳሉ አንስታ አዳመጠች። ድምፁ ተደገመ። ቀና ስትል መስኮቱ ላይ የተገጠመው የቤት ማቀዝቀዣ ኤሲ አፉን ወደ ጣሪያው አቅንቶ፣ በጀርባው ወደ ዝናቡ ሲንሸራተት አየችው።

ሶኬቱን ነቀለችና ኤሲውን በሁለት ክንዷ ግጥም አድርጋ ያዘችው።

ባሏ ሲገጥመው ሆን ብሎ ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብሎታል፤ ውሃው ቤት እንዳይገባ፣ ወደ ደጅ እንዲንጠባጠብ። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ አያበላሸውም ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ ለዝናብ የተሠራ ነው፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ ብሎ ሳቀባት። አልዋሸም፤ ብረቱን ዝናቡ ምንም አላደረገው። ከሥሩ ያለውን ጣውላ ግን ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከርሟል። አሁን ጣቷን ብትሰድ እንጨቱ ውሃ እንደነካው ዳቦ ላሸቀ።

ወደ ውስጥ ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም። ሲመጣም ሁለት ጎረምሶች ናቸው ላብ በላብ ሆነው ደረጃውን ያወጡት። ስልኳ ከእጇ ርቆ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ውሏል። በመስታወቱ ቁልቁል አየች። አራት ፎቅ ወርዶ፣ ልክ ከመስኮቱ ሥር፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ግድግዳውን ተጠግተው ተሰልፈዋል። ከላይ የሚታየው የያዙት ጃንጥላ ብቻ ነው፤ የሰው ፊት የለም። የጎኑን የመስኮት ክንፍ በግንባሯ ገፍታ ተጣራች። ዝናቡ ድምፅዋን ዋጠው።

ያን ጊዜ ወደ ቤት ውስጥ ዞራ አማቷን ጠራች።

አሮጊቷ ከመኝታ ቤት የወጡት ሊቆጡ ነበር። ያንን ማሽን አይወዱትም፤ አጥንቴን ፈጀው ይላሉ፤ ብርድ በገንዘቡ ገዝቶ የሚገባ ልጅ ወለድኩ እያሉ በልጃቸው ያሾፋሉ። ነገሩን ሲያዩ ግን ሊያግዟት እጃቸውን ዘረጉ።

«እማማ፣ እኔ እይዘዋለሁ። እርስዎ ይውረዱና ሰዎቹን ያርቁልኝ።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ሌላ ማን አለ?»

አሮጊቷ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከዘራቸውን አነሱ። «እንዳትለቂው» አሉና ወጡ።

ከዘራው ደረጃውን ሲመታ ይሰማታል፤ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ፣ እየራቀ። የብረቱ ጠርዝ መዳፏን ተረተረው፤ ደሟ ብረቱን አሟለጨው። ከጣውላው አንድ ስንጥር ተገንጥሎ ወረደና አንዱ ጥላ ላይ አረፈ። ባለጥላው ቀና እንኳ አላለም። በልቧ አሮጊቷን አቻኮለቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ያ የረጠበ ደረጃ እንዳይጥላቸው ለመነች።

በመጨረሻ ፎጣ የተጣለበት ራስ ከሥር ብቅ አለ። አማቷ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ጥላዎቹ መሃል ገቡ። ምን እንዳሏቸው እንጃ፤ አፋቸው ሲከፈት ተራራ የሚያስሸሽ ሴት ናቸው። ጥላዎቹ መጀመሪያ አንድ አንድ እያሉ፣ ኋላ ግር ብለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ መለስ አለላት። ጣቶቿ ግን አንድ በአንድ እየደነዘዙ ነው፤ ማሽኑም በጣት ስፋት፣ ደግሞ በጣት ስፋት ያመልጣታል።

ከግድግዳው ሥር የቀሩት አማቷ ብቻ ናቸው። ሰዎቹን ማራቃቸውን ሊነግሯት ቀና ብለው፣ ዝናቡ ፊታቸውን እየመታው፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«እማማ፣ ይራቁ» አለች፤ ባላት ድምፅ ሁሉ። «ከዚያ ይራቁ።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። ከዚያም ደህና አድርገው ለመስማት፣ ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ።