የተወሰደውና የቀረው
ፌርፋክስ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለችው የወንጌል ጥናት ክፍል፣ ጋሼ ጌታሁን «ሁለት ሰዎች በእርሻ ይሆናሉ፤ አንዱ ይወሰዳል አንዱም ይቀራል» ብለው እንዳነበቡ ሣህሊቱ እጇን አወጣች። የኢሚግሬሽን ሰዎች ባሏን የወሰዱት እሱና ጋሼ አብረው ከሚሠሩበት ፓርኪንግ ነው። ጋሼ ነገ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩለት ለምናቸው ገና አልመለሱላትም።

«ሶ፣ ጋሼ፣ የሚድነው የተወሰደው ነው አይደል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወለወሉት። «አይደለም፣ ልጄ። ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ። የጥፋት ውኃ መጥቶ ሁሉን ወሰደ ይላል፤ የቀረው ኖኅ ነው።» መነጽሩን መልሰው አጠለቁና ፈገግ አሉ። «እኔ ደግሞ ጌታ የለየውን ፍርድ ቤት ሄጄ አልመልስም። አሜን በሉ!»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ሣህሊቱ የተባለው የገባት እሷም አብራ አሜን ካለች በኋላ ነው።