የተረፈው ኮሶ

«እንዲያው ምን አገኛት?» አሮጊቷ ከቤቱ ጥግ የታሰረችውንና ግልገሏ ያለጊዜው የወረደባትን በግ ጀርባ እያሻሹ ይብሰለሰላሉ። የሆድ ትል አከሳት ብለው ኮሶ በጥብጠው የጋቷት ለደግ ነበር።

ጎረቤታቸው አያ ደምለው በበሩ ብቅ ብለው ሳቁ። «ምነው እመት! ለእርጉዝ ኮሶ ይሰጣል? ያስወርዳል እኮ!»

«እርጉዝ መሆኗን በምን አውቄ?» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ምራታቸው ይርገዱ ከጓዳ ወጣች። «እማማ፣ ያ ኮሶ ባለፈው ለእኔ ከሰጡኝ የተረፈው ነው?»

አሮጊቷ እጃቸውን ከበጓ ጀርባ አነሱ። ያኔ ይርገዱ ኮሶውን ጠጥታ በማግስቱ ፅንሷ ሲወርድ፣ «ጄሪካን አትሸከሚ አላልኩሽም?» ብለው የተቆጧት እሳቸው ነበሩ።

ይርገዱ ነጠላዋን አንስታ ከቤት ወጣች።