የእበት እሳት

ይህ ነገር ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ዓመቱን ላሳስት እችላለሁ፤ የወሩም ነገር አያስተማምነኝም። ላምባ በኩፖን ይታደል እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

አቶ ግዛቸው አዋሳ መሃል ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ማቴዎስ የሚባል ብረት በያጅ ልጅ ብቻ ነው። ማቴዎስን ሁለት ነገር አቅቶት ነበር፤ ሲጋራ መተውና ዓሣ መብላት። ዓሣማ ገና ሲሸተው ያስመልሰዋል።

አንድ ክረምት ማቴዎስ ጓሯቸው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ። እበትና ውሃ ሞላበት፣ በርሜል ደፋበት፣ ከበርሜሉ ቱቦ ስቦ ማድቤት አስገባ። ከሳምንታት በኋላ ቱቦው ጫፍ ላይ ክብሪት ቢጭር ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው።

«አባዬ፣ የላምባ ሰልፍ ቀረልን!» አለ። ሲጋራውን ለማጨስ ግን ከጉድጓዱ ርቆ እስከ አጥሩ ሄደ።

«ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ይሰማሃል።»

«እርስዎ ደግሞ! ያሰቡት ሁሉ ፊትዎ ላይ ይነበባል» ብሎ ሳቀባቸው።

ላም ያለው ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ማቴዎስም ቆፈረላቸው። መስከረም ሳይጠባ ሰፈሩ በእበት እሳት ያበስል ጀመር። ከሰል የጫኑ አህዮች ገዢ አጥተው ከነጭነታቸው ተመለሱ። የቀበሌው ላምባ የሚቀዳው ጠፋ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የእሑዱ ስብሰባ ነው። ኩፖን የሚታደለው ከስብሰባ በኋላ ስለነበር፣ ሰው ለካ የሚመጣው ለኩፖኑ ኖሯል። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ጓድ አምሳሉ ስለ አብዮቱ ለባዶ አግዳሚ ወንበሮች ተናገሩ።

በዚያው ሰሞን ከአላሙራ ተራራ ከሰል እያወረደች የምትሸጠው ብርሃነሽ በራቸው ላይ ቆማ ጮኸች።

«ማቴዎስ! ልጆቼን እበት ላብላቸው? ጉሮሮዬን ዘጋኸው እኮ!»

ማቴዎስ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ በለሆሳስ አነጋገራት። ከዚያ አንድ ቃል ሳትመልስ አህያዋን ነድታ ሄደች። አቶ ግዛቸው ዝምታዋ አላማራቸውም።

በሳምንቱ ማቴዎስ ከቤት እንደወጣ ቀረ። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው የሰፈሩን በርሜሎች ሁሉ ወሰዱ፤ ጉድጓዶቹንም በአፈር ደፈኑ።

አቶ ግዛቸው ቀበሌ ሄደው ጓድ አምሳሉን ለመኑ።

«እኛም እየፈለግነው ነው» አሏቸው።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሚያምን ወላጅ አልነበረም። አቶ ግዛቸውም አላመኑም። ስንቅ ቋጥረው እስር ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ስንቅ ከተመለሰ እስረኛው የለም ማለት ነው፤ ከተቀበሉ በሕይወት አለ። ዘቡ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ባዶውን ሲመልስላቸው መንገድ ላይ ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ስፌቱን ትተው በየቀኑ ተመላለሱ። አንድ ቀን ሌላ የሚያበስሉት ቢያጡ ሐይቅ ዳር ወርደው ያገኙትን ዓሣ ጠብሰው ወሰዱ። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ተመለሰ።

«ልጄን ረኃብ ዓሣ አስለመደው» አሉ ለራሳቸው።

አንድ ጠዋት ባለሱቁ ሙክታር ጠራቸው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሰሙ? ጴንጤዋ ብርሃነሽ ሲጋራ በፓኮ ትገዛለች! ‹ፓስተሩ ፈቀዱልሽ እንዴ?› ብላት አቀርቅራ ወጣች።»

«ለማን ይሆን?»

«ለጠባቂዎቹ ነዋ! ሌላ ለማን ይሆናል?»

አቶ ግዛቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከታተሏት ጀመር። የከሰል አህያ ባዶዋን ወጥታ ተጭና ትወርዳለች። የብርሃነሽ አህያ ግን ወደ ተራራው ስትወጣም ጆንያ አላት። ነገሩ ተገለጠላቸው። በልጃቸው ላይ የጠቆመችው እሷ ናት፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ቀበሌው ለውለታዋ የከፈላት የኩፖን ስኳር ነው፤ እሷም ገጠር እያወጣች ትቸረችረዋለች።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኙ።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ይበርቱ፤ እግዜር አለ» አለቻቸው፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

«የሱን ስም በአፍሽ አትጥሪ!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሴትየዋ የኩፖን ስኳር እንደምትቸረችር ከታወቀ ምስክርነቷ ይወድቃል፤ ምስክር ከሌለ ልጃቸው ይፈታል። ሌላ መንገድ አልታያቸውም። ሲነጋ ጓድ አምሳሉ ፊት ቆመው ስለ ብርሃነሽ ጆንያና ስለ ሲጋራው ያዩትንም የሰሙትንም ተናገሩ።

ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው መስኮቱን ከፈቱ።

«በየት በኩል ነው የምትወጣው?»

አቶ ግዛቸው በመስኮቱ በኩል መንገዱን በጣታቸው አሳዩ።

ስለ ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት በማግስቱ ነው። እንደ ልማዳቸው እስር ቤቱ በር ላይ ቆመው ምሳ ዕቃውን ዘረጉ። ዘቡ አልተቀበላቸውም።

«አባት፣ ሊቀመንበሩ አመስግንልኝ ብለዋል። ልጅዎን አገኘነው።»