ሠላሳ አንድ ሰዓት ያልኳቸው አባት

«ልጄ፣ እባክሽ አንቺው ንገሪልኝ! አባትሽ ውሸታም አይደለም በይልኝ!»

ሽማግሌው ስልካቸውን በቢሯችን መስታወት ቀዳዳ አሾልከው ሰጡኝ።

መስመሩ ላይ ያለችው ልጃቸው ናት። የምትኖረው ሩቅ አገር ነው።

እኔ የዚህ ፔጅ አድሚን ነኝ፣ እንጀራዬ ግን የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ነው። ሁሌ የሰው ታሪክ ነው የምነግራችሁ... የዛሬው የራሴ ጉድ ነው።

ከሁለት ወር በፊት እኚሁ አባት ቢሮ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ኮታቸው ላይ ክር ተለጣጥፏል፣ የጫማቸው ተረከዝ አልቋል።

እኛ ቢሮ ሳይገዛ የሚጠይቅ ሰው «ጎብኚ» ነው የሚባለው። በሆዴ «ደግሞ ሌላ ጎብኚ!» አልኩ።

«ውጭ አገር ያለችው ልጄ ቀዶ ጥገና ልታደርግ ነው፣ አጠገቤ ሁንልኝ ብላኛለች። እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

የምሳ ሰዓት ደርሷል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚያወጣው ርካሹን ትኬት ነው። እኔም ጫማቸውን አየሁና እሱኑ አነበብኩላቸው።

«ሠላሳ አንድ ሰዓት። ሁለት ቦታ አውሮፕላን ይቀይራሉ።»

ክው አሉ...

«እግሬ ያብጣል። ሐኪሙ ከአስራ ሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ አይሆንህም ብሎኛል። ሌላ የለም?»

«የለም አባባ።»

አላየሁም እኮ! ጣቴን ትንሽ ወደ ታች ባንቀሳቅስ ምን ነበረበት? ምናለ እጄን በቆረጠው!

መርቀውኝ ሄዱ።

ልጅቷ ብቻዋን ተኝታ፣ ብቻዋን ነቃች። ተመስገን፣ ድናለች። ግን አባቷ «መንገዱ ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው፣ እግሬ አይችልም» ያሏትን አላመነችም፤ «መምጣት ስላልፈለግክ ነው የዋሸኸኝ» ብላ አኮረፈቻቸው። ስልካቸውን ማንሳት ተወች።

ባለፈው ሳምንት በስንት ልመና አነሳችላቸው። እሳቸውም መስመሩን ሳይዘጉ ምስክር ፍለጋ እየሮጡ እኔ ጋ መጡ።

ስልኩን ተቀብዬ ኮምፒውተሩ ላይ የበረራውን ዝርዝር እስከ ታች ድረስ አየሁት።

ቀጥታ በረራ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል...

ምን አልኩ መሰላችሁ?

«እህቴ፣ አባትሽ እውነታቸውን ነው። ቀጥታ በረራው የተጀመረው በቅርቡ ነው፣ ያኔ አልነበረም።»



ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ...

«እህቴ፣ እኔ ወደዚህ የመጣሁት በዚያው በረራ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት። አባቴ አሁን ደግሞ የሚዋሽለት ሰው አመጣ ማለት ነው?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

«ምን አለችሽ?» አሉኝ አባትየው፣ በጉጉት።

«መስመሩ ተቆረጠ አባባ።»

«ግድ የለም። አንቺ ከነገርሻት ታምነኛለች። ተባረኪ ልጄ!»

ወይኔ! ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ስንት ቀኔ፣ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ወገኖቼ፣ ሰውን በልብሱ መዝናችሁ መልስ አትስጡ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ቶሎ «ተሳስቻለሁ» በሉ። እኔ አንዲት ቃል አፍሬ ዋጥኩና አባትና ልጅ አለያየሁ።

ነገ የአባትየው ሱቅ ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ይርገሙኝ፣ ይገባኛል። የሚያስጨንቀኝ ልጅቷ ናት...

እስቲ እናንተ እሷን ብትሆኑ፣ አንዴ የዋሸቻችሁ ሴት ደውላ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባትሽ ንጹህ ናቸው» ብትላችሁ ታምኗት ነበር?