የቁም ሳጥኑ መስመሮች

ባሌ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያመጣው ቁም ሳጥን ጨጓራዬን ላጠው። ከበሩ በውስጥ በኩል የማናውቀው ልጅ ቁመት የተለካባቸው የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ ከየመስመሩ ጎን ቀን ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት፣ ሁለቴም መስመሮቹ ፈጥጠው ወጡ።

«ቀለሙን አቅጥነሽው ነዋ!» ይለኛል፣ ብሩሽ እንኳ ሳይነካ።

ዛሬ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ እንጨቱን አራቆትኩት። ቆለፍኩት፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ተመልሼ ስከፍተው መስመሮቹ በሙሉ አሉ። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ አዲስ መስመር ተሰምሯል። ቀኑ የዛሬ ነው።

«አሁንስ ቀልድህን አበዛኸው!» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ቀልድ?» አለ ባሌ ከበረንዳው። «ልጅ የለን፣ ማንን ልለካ?»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ገና አሁን የተቀረጸ እርሳስ ቅርፊት ረግፏል።