መርዶ ይዘው የመጡ ተመልካቾች

በገና ዕለት ተራራው ነደደ። ጭሱ እስከ ሐበሻው ሰፈር፣ እስከ ፌርፋክስ ወርዶ ሰነበተ። እትዬ ዘሪቱ የሚንከባከቧቸው አሮጊት ቤት ተቃጠለ፤ የእሳቸውም ሥራ አብሮ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ምግብ ቤቶቹ ሦስት ጠረጴዛ ሞልቶላቸው አያውቅም። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሰው በኢሚግሬሽን ፖሊስ ከየሥራ ቦታው እየታፈሰ መወሰድ ጀመረ፤ የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም ከቤቱ መውጣት ፈራ። በዚያ ሰሞን፣ ዐርብ ሌሊት፣ የመንግሥቱ ታናሽ ወንድም ሲሞን አዲስ አበባ ላይ ሞተ።

ቤተሰቡ የደወለው ለመንግሥቱ ጓደኛ ለክፍሉ ነው። "አንተ አርዳልን" አሉት። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ክፍሉ፣ እትዬ ዘሪቱና መኪናውን የሚነዳላቸው ሶፎንያስ። እትዬ ዘሪቱ ጥቁር ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ሥር ደብቀውታል። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ ወሬ ሳይቀድም።

መንግሥቱ ግን ነቅቷል። በሩን የከፈተው እየሳቀ ነው።

"መጣችሁ! ብቻዬን ላየው ነው ብዬ ነበር። ግቡ፣ ግቡ፣ ሊጀመር ነው።"

ከኋላው ቴሌቪዥኑ በርቷል። ፓሪስ፣ የቴኒስ ሜዳው ቀይ አፈር፣ አልካራዝና ሲነር። የዋንጫው ፍጻሜ በዚህ ጧት መዋሉን ክፍሉ አላወቀም። ሶፎንያስ ያውቃል፤ ግን ማን ጠይቆት ይናገር?

"እትዬ ዘሪቱ፣ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቴኒስ?"

"ዕድሜ ሲገፋ የማያዩት የለም፣ ልጄ" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

መንግሥቱ ለክፍሉ ወንበር ሳበለት። ክፍሉ ተቀመጠ። እንደቆመ ቢሆን ይናገር ነበር።

"አፈር ላይ አልካራዝን የሚችለው የለም" አለ መንግሥቱ። "ባለፈው ወር ሮም ላይ አላየህም?"

"ሲነር ሦስት ወር ሳይጫወት ከርሞ መጥቶ እኮ ነው፣ ጋሼ" አለ ሶፎንያስ። "ሲሚንቶ ላይ ንጉሡ ማን ነው? እሱን ንገረኝ።"

"ሲሚንቶ ላይማ ሁሉም ይሮጣል። አፈር ጉልበት ይጠይቃል፣ ሣር ብልሃት። የኔው ልጅ ሁለቱንም ይዟል። ዊምብልደንን ሁለት ዓመት በተከታታይ ማን በላው?"

"ኦኬ፣ ግን ሣር ላይ ሲገናኙ የገረፈው ሲነር ነው። ቼክ አድርግ።"

"ያኔ ልጅ ነበር! አሁን ቢያገኘው ሣሩን ያስግጠዋል።"

ሶፎንያስ ሳቀ። እትዬ ዘሪቱ ሲያፈጡበት ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ።

"ልክ እንደ ሲሞን ነህ" አለው መንግሥቱ። "ያ ወንድሜም የሲነር ነው። ልጆች ሆነን አዲስ አበባ ቴኒስ ክለቡ ውስጥ ኳስ ስንለቅም ሜዳው ይኸው ቀይ አፈር ነበር። ማታ እግራችንን ስንታጠብ ውሃው ደም ይመስላል። እዚያ ላይ አድጎ ለሲሚንቶ ልጅ ያጨበጭባል! አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር ይደውልልኛል። ቆይ፣ ትሰሙታላችሁ።"

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

የመጀመሪያውን ዙር ሲነር ወሰደ። ስልኩ ዝም አለ።

"ኔትወርክ ይሆናል" አለ መንግሥቱ።

ክፍሉ መሬት መሬት አየ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ባለቤቱን ከአገር ቤት የሚያስመጣበት ፕሮሰስ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ስድስት ሰዎች በማለዳ ኮሪያታውን ይኖርበት የነበረው ቤት ድረስ መጥተውበት ነበር። "ትንሽ አሟታል" አለ አንዱ። "ሆስፒታል ገብታለች" አለ ሌላው። ሦስቱ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ስሟን ጠርቶ "ሞታለች" ያለው መንግሥቱ ብቻ ነው። ሐዘኑ ሲያልቅ ክፍሉ እንደ ወጉ፣ "ብድርህን በደስታ ይመልስልኝ" አለው። እግዜር በደስታ የሚለውን አልሰማም።

ሁለተኛውም ዙር የሲነር ሆነ። እትዬ ዘሪቱ በክርናቸው ክፍሉን ጎሰሙት። ክፍሉ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተወው።

"ሁለት ለባዶ!" አለ መንግሥቱ። "መሳለቂያ እንዲህ ተመችቶት ዝም? ይሄ ሰው ምን ነካው? በሉ እኔው ልደውልለትና ይሳቅብኝ።"

ስልኩን አነሣ። ጥሪው ሄደ። ጠባቧ ቤት ውስጥ ለሁሉም ይሰማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እዚያ ማዶ የሚያነሣው ሰው እያለቀሰ እንደሚያነሣው ሦስቱም ያውቃሉ። ሶፎንያስ ሪሞቱን አንሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ።

"ዝጋው፣ መንግሥቱ" አለ ክፍሉ።

"ምነው?"

"ሲሞን ትንሽ…"

"አሞት ነበር" የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠው። ተነሣና የመንግሥቱን እጅ ከነስልኩ በሁለት እጁ ያዘ።

"ሲሞን ሞቷል። ዐርብ ሌሊት። ልቡ ነው።"

መንግሥቱ ጓደኛውን አላየም። ድምፅ የሌለውን ቴሌቪዥን አየ፤ ከዚያ እትዬ ዘሪቱን፣ ከካፖርታቸው ሥር እየሳቡ የሚያወጡትን ጥቁር ነጠላ።

"እየመራኝ ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

እዚያ ማዶ ስልኩ ተነሣ። "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች አንዲት ሴት፤ ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለቅሳል። መንግሥቱ የቀረውን እጁን አመጣና በክፍሉ እጅ ላይ ጫነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስልኩን በአራት እጅ ይዘው ቀሩ።