ለጊታሩ የተነሳ እጅ

ሰውየው ከሮክ ሌላ ሙዚቃ አይጥመውም፤ መዝሙርማ ጭራሽ እንቅልፉን ያመጣበታል። የሥራ ባልደረባው ገለታ «እኛ ቸርች የሚዘመረውም ሮክ ነው፤ አንዴ መጥተህ ስማ» ባለው ቁጥር፣ «የቸርች ሮክ? ሥጋ የሌለው ክትፎ በለኝ!» እያለ ይስቅበታል። ዛሬ ግን ንዝንዙ ሲሰለቸው፣ ስብከት ሲጀመር ሹልክ ብሎ ሊወጣ ወስኖ ቸርች ሄደና ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ።

ጊታሩ ጮኸ። ድራሙ ደረቱን ሲመታው ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ፤ ዓይኑ ተከደነ፤ ኮንሰርት ላይ እንደለመደው እጁ ወደ ላይ ተነሳ። ፓስተሩ በዚያው ቅጽበት ማይክ ይዘው «ዛሬ ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሱ» ማለታቸውን አልሰማም።

ዓይኑን ሲገልጥ አዳራሹ በእልልታ ይናወጣል። ሁለት አስተናጋጆች ክንዱን ይዘው መድረኩ ፊት አቆሙት። ገለታ በደስታ ያለቅሳል።

ሰውየው ላቡን እየጠረገ ወደ ፓስተሩ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ ፓስተር፣ እኔ እጄን ያነሳሁት ለጊታሩ ነው።»

ፓስተሩ መዳፋቸውን ከራሱ ላይ ሳያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ያኔ ያነሳሁት ለድራሙ ነበር።»